መደቡ ይቅደም፣ ዶሮዋ ትከተል፦ በአንድ ግቢ አትክልትና ዶሮ አብሮ መያዣ መመሪያ

ዶሮ ወደ ግቢ የሚያስገባ ሰው አጀማመሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ጫጩት ይገዛል። ቤቱ በጣውላ ቁርጥራጭና በአሮጌ ቆርቆሮ በሦስተኛው ቀን ይቆማል። ጎመኑ የሚተከለው ከሁሉ በኋላ ነው፤ በሳምንቱም ሥሩ ተጭሮ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይገኛል። እኔም እንዲሁ ጀምሬ ሁለት ዓመት ከዶሮ ጋር ስጣላ ኖርሁ። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር መደቡ ላይ ሥሩ፤ ዶሮዎቹን በታኅሣሥ መጨረሻ አስገቡ።

የሚከተለው ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች የታሰበ ነው። መጠኑ ስድስት ዶሮና እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር በአራት ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ናቸው። ለጀማሪ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሃያ ዶሮ ገዝቶ የጀመረ ሰው በስድስተኛው ወር ስምንት ሲቀሩት አይቻለሁ፤ የቀሩትም በመኖ ዋጋ ምክንያት ለበዓል ታረዱ።

ስሌቱ ከሁዳዴ ይጀምራል

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት በብዙ ቤት የሚፈለገው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ እንጂ እንቁላል አይደለም። ዶሮ ደግሞ አትጾምም። በገበያ የምትገኘው የ45 ቀን ጫጩት እንቁላል ለመጀመር ገና ሦስት ወር ተኩል ያህል ይቀራታል። ስለዚህ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያገኘው ጥር አጋማሽ ላይ ነው፤ ዶሮዎቹ በደንብ መጣል ሲጀምሩ ጾሙ ይገባል፣ የእንቁላል ዋጋም ይወርዳል። በታኅሣሥ መጨረሻ የገባች ግን ሚያዝያ ላይ፣ ለፋሲካ ትደርሳለች። ጾም የማይመለከተው ቤተሰብም ቢሆን ትርፉን ለጎረቤት ለመሸጥ ካሰበ ይህን ስሌት መርሳት የለበትም።

አትክልቱም በዚሁ ስሌት ይሄዳል። መስከረም መጨረሻ ላይ የተዘራ የጎመን ዘር ጥቅምት መጨረሻ ወደ መደብ ይዛወራል፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የታችኛው ቅጠል ይቆረጣል። ቄቦቹ ሲገቡ አረንጓዴ መኖ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው።

መስከረም፦ አጥርና መደብ

ዝናቡ መቆም ሲጀምር የመጀመሪያው ሥራ አጥር ነው። ግቢው ራሱ የታጠረ መሆኑ አይበቃም፤ በመደቡና ወደፊት የዶሮ ሜዳ በሚሆነው ቦታ መካከል ሌላ አጥር ያስፈልጋል። ቀርከሃም ሆነ የዶሮ ሽቦ ይሆናል፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይነስ፤ ግርጌው አንድ ስንዝር ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር። ወደ መደቡ የሚከፈት አንድ ጠባብ በር ተዉ፤ ጥቅሙ ኋላ ይታያችኋል።

መደቡ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል። ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ፦ የክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበትና አድሮ እዩት። ጠዋት ውኃው እንዳለ ካገኛችሁት አፈሩ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር ዋልካ ነው፤ መደቡ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ሰጥሞ ካደረ ለበጋው ዝቅ ያለ መደብ ይሻላል፤ የምታጠጡት ውኃ አይሸሽም። ስፋቱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሐሉ ላይ መድረስ አለበት። መደብ ላይ ቆሞ የሚያርም ሰው የቆፈረውን መልሶ እየጠቀጠቀ ነው። መተላለፊያው ግማሽ ሜትር ይበቃል።

አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አፍርሱ፤ ድንጋይና ሰርዶ ከነሥሩ ልቀሙ። ሰርዶ ላይ አትቸኩሉ፤ አንድ አንጓ ከቀረ በወሩ መደቡን ይወርሰዋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ወይም የከረመ የከብት ፍግ ቀላቅሉ። በመጀመሪያው ዓመት የራሳችሁ የዶሮ ኩስ የላችሁም፤ ከከብት አርቢ መግዛት ግድ ነው።

ዘርና ችግኝ

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በችግኝ ይጀመራሉ፤ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ፎሶሊያ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራሉ። ካሮት ሲነቀል ሥሩ ስለሚጎዳና ስለሚቆላመም ማዛወር አይወድም።

የችግኝ መደቡ አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በጣት አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቦይ አውጡ፣ ዘሩን አራርቃችሁ ጣሉ፣ በወንፊት የተነፋ አፈር አልብሱት፣ ላዩን በሣር ሸፍኑ። በቀዳዳ ጣሳ ጠዋትና ማታ አጠጡ። ዘሩ ብቅ ብቅ ሲል ሣሩን ወዲያው አንሡ፤ አንድ ቀን ከዘገየ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ተመዝዞ ይቀጥናል።

የካሮት ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ዝሩት። ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቆይባችሁ ይችላል፤ አልበቀለም ብላችሁ አትገልብጡት። ሲበቅል በመካከሉ አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪቀር አሳሱ። ማሳሳት ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ያልሳሳ ካሮት ግን ቅጠል እንጂ ሥር አይሆንም።

ጎመን አራትና አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ይዛወራል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሥሩ። ችግኙን አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አጠጡት፤ ሥሩ አፈር እንደያዘ በማንኪያ አንሡት፤ እስከ መጀመሪያው ቅጠል ቅበሩትና ዙሪያውን በሁለት ጣት ጫን ጫን አድርጉት። አንዱን ቅጠል ይዛችሁ በቀስታ ስትስቡ ቅጠሉ ተቀንጥሶ ችግኙ ከቀረ ተከላው ደህና ነው፤ ችግኙ ከመጣ ልል ነበር። በጎመንና በጎመን መካከል 40፣ በቆስጣ 30፣ በሰላጣ 25 ሴንቲ ሜትር ይተው።

ለአራቱ መደቦች የእኔ ድልድል ይህ ነው፦ አንዱ ለጎመንና ለቆስጣ፣ አንዱ ለካሮትና ለቀይ ሥር፣ አንዱ ለቲማቲምና ለቃሪያ፣ አንዱ ለፎሶሊያና ለሰላጣ። በሚቀጥለው ወቅት ሁሉም አንድ መደብ ይሻገራል። ጎመንን እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚተክል በሽታና ተባይ ይቀልባል። ነጭ ሽንኩርት በየዳሩ ይሰካ። ቲማቲም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ሊመታው ስለሚችል በእንጨት ደግፋችሁ ማታ ማታ በጆንያ አልብሱት፤ ይህን ለማድረግ ትዕግሥት የሌለው ሰው ቲማቲሙን ትቶ ቀይ ሽንኩርት ቢተክል አይጎዳም።

ተባይ መምጣቱ አይቀርም። የጎመኑ ቅጠል ተጨማዶ ጀርባው ላይ አመድ የመሰለ ነገር ካያችሁ ክሽክሽ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ እርጩ፤ በየአራት ቀኑ ድገሙ። ችግኙ ጠዋት ከግንዱ ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁት ቆራጭ ትል ነው፤ እዚያው ዙሪያውን በጣት ብትጭሩ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የኬሚካል መድኃኒት የተረጨ ቅጠል ለዶሮ አይሰጥም። ዶሮ ያለበት ግቢ ውስጥ ባይገባ ደግሞ እመርጣለሁ።

ኅዳር፦ የዶሮ ቤት

ለስድስት ዶሮ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቤት በቂ ነው። ወለሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ የፊቱ ላይኛ ግማሽ በሽቦ ይሸፈን፤ የነፋሱ አቅጣጫ ይዘጋ። ሽለምጥማጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋም ያልፋል፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ቤቱ አላለቀም። የሽቦው ቀዳዳ ጠባብ ይሁን፤ በሩ ሁለት መወርወሪያ ይኑረው። ጭልፊት ቀን ስለሚመጣ የሜዳው አንድ ጥግ ከላይ በሽቦ ወይም በመረብ ይሸፈን።

ቆጡ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተስተካከለ እንጨት ሆኖ ለአንዲት ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ይታሰብ። እንቁላል መጣያው 30 በ30 የሆነ ሁለት ሳጥን ሲሆን ከቆጡ ዝቅ ማለት አለበት። ዶሮ ሁልጊዜ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ማደር ትወዳለች፤ ሳጥኑ ከቆጡ ከበለጠ እዚያ ታድርና እንቁላሉ በኩስ ተለውሶ ይገኛል።

ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንድ ስንዝር ያህል ጎዝጉዙ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በመንሽ አገላብጡት፤ የረጠበውን አውጥታችሁ ደረቅ ጨምሩ። ጠረኑን ቆማችሁ አትመዝኑ፤ ዝቅ በሉና አፍንጫችሁን ዶሮዋ በምትተነፍስበት ከፍታ አድርጉ። ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ የእነርሱም ሳንባ እየተቃጠለ ነው፤ ላይኛውን መስኮት አስፉ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ቄቦቹ

የአንድ ቀን ጫጩት አትግዙ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ብርድ መብራት በጠፋ ሌሊት ምን እንደሚደርስ መገመት አያቅትም። የ45 ቀኗ ላባዋን ስላበሰለች ማሞቂያ አያስፈልጋትም፤ የሁለትና የሦስት ወር ቄብ ከተገኘች ደግሞ ዋጋዋ ቢጨምርም ይሻላል፤ በዚያው ልክ ግን መግዣውን ወደ ጥር ግፉት።

ስለ ዝርያ ብዙ ክርክር አለ። ቦቫንስ ብራውን መኖዋና እንክብካቤዋ ሳይጓደል በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ መኖ ሲጓደልባት ግን ከሁሉ ቀድማ የምትወድቀው እርሷ ናት። ሳሶና ኮኮክ ከእርሷ ያንሳሉ፤ ለጓሮ ኑሮ ግን ይበረታሉ፤ ሥጋቸውም ይበላል። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፤ ጭልፊት ማምለጥና ማቀፍ ግን ታውቃለች። የእኔ ምርጫ አምስት ሳሶ ወይም ኮኮክና አንዲት የሀበሻ ናት። አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግም፤ ጫጩት ለመፈልፈል ካልሆነ በስተቀር ጎረቤትን በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ከመቀስቀስ ያለፈ ሥራ የለውም።

ስትገዙ ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ የደረቀ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ ንጹሕ የሆነውን ምረጡ። ሻጩን የትኛውን ክትባት በየትኛው ቀን እንደሰጠ ጠይቁና ጻፉት። «ሁሉንም ወስዳለች» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ቤት ስታደርሷቸው ለአምስት ቀን አታውጧቸው፤ ማደሪያቸውን ይለምዱት። ከዚያ በኋላ ማታ ራሳቸው ተሰልፈው ይገባሉ፤ የእናንተ ሥራ በሩን መዝጋት ብቻ ይሆናል።

መኖና ውኃ

እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ስድስቱ በቀን 700 ግራም፣ በወር 21 ኪሎ ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል ከሁለት ወር በላይ ይቆያል፤ ይህም የመጨረሻው ገደብ ነው። መኖ ሲሰነብት ይሻግታል፤ የሻገተ በቆሎ የሚያመነጨው መርዝ ዶሮን በዝግታ ይገድላል። ከጎረቤት ጋር መካፈል ብልህነት ነው። በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ገዝቶ ቤት ውስጥ መቀላቀል ለስድስት ዶሮ አያዋጣም፤ መጠኑ ከተሳሳተ እንቁላሉ ይቆማል፣ ምክንያቱም አይታወቅም። እስከ 18ኛው ሳምንት የቄብ መኖ፣ ከዚያ በኋላ የእንቁላል ጣይ መኖ ስጡ። የእንቁላል ጣይ መኖ ኖራው ብዙ ስለሆነ ለቄብ ኩላሊት አይስማማም።

የጎመን ታችኛ ቅጠል፣ የቆስጣ አንጓና የካሮት ቅጠል በገመድ ታስሮ ዶሮዋ አንገቷን ዘርግታ በምትደርስበት ከፍታ ይሰቀል። መሬት ላይ የተጣለውን ይረግጡታል፤ የተንጠለጠለውን ግን ሲዘሉለትና ሲነጣጠቁት ይውላሉ፣ እርስ በርስ መነካከሱም ይቀንሳል። አስኳሉ የሚቀላው በዚህ ነው። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ ጨው የበዛበት ወጥ፣ አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭና ጥሬ ባቄላ አይሰጥም። የእንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ አመስ አድርጋችሁ አድቅቁትና ለብቻው በሰሐን አስቀምጡ። ሳይደቅ የተሰጣት ዶሮ የራሷን እንቁላል መስበር ትማራለች፤ ከተማረች ደግሞ መድኃኒቷ ድስት ነው።

ውኃ ጠዋት ጠዋት ይቀየር፤ ለአንዲት ሩብ ሊትር አስቡ። ሜዳው ላይ አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ አዘጋጁላቸው፤ በዚያ ሲንከባለሉ ከቅማልና ከቁንጫ ይጸዳሉ።

ፈንግል

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ዓመት ለፋሲካ ከገበያ ያማረ ገብስማ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ሦስት ቀን ከዶሮዎቼ ሜዳ ጥግ እግሩን አስሬ አቆየሁት፤ በቀዳም ሥዑር ታረደ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት አንዷ ዶሮ ክንፏን ጥላ ቆመች፤ ኩሷ አረንጓዴ ውኃ ነበር። በሚቀጥለው ቀን የሁለተኛዋ አንገት ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። በአራት ቀን አምስቱ ሞቱ። የመጨረሻውን ክትባት ከወሰዱ አምስት ወር አልፎ ነበር፤ እኔም «አንዴ ተከትበዋል» ብዬ ተቀምጫለሁ።

ይህ ፈንግል (ኒውካስል) የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ ብርቅ አይደለም። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑና ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ በሰፈራችን አንድ እሑድ እንቀጥራለን፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ብልቃጡን በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ወጪውን እንካፈላለን። ጠብታው ዓይን ላይ ያርፋል፤ ዶሮዋ ዓይኗን እስክትከድን አትለቀቅም። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፤ በአንድ ሊትር ሁለት ግራም ተኩል ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት መጨመር ያስፈልጋል። ዶሮዎቹ ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ይከልከሉ።

ቄቦቹ ከገቡ በኋላ በሁለት ወራቸው ገደማ፣ እንቁላል ከመጀመራቸው በፊት፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ ይከተቡ። በሚያዝያና ግንቦት፣ ከክረምቱ በፊት፣ ቀኑ እንዳያልፋችሁ። ለበዓል የተገዛ ዶሮ ከእናንተ ዶሮዎች ጋር አንድ ሜዳ አይርገጥ፤ ውኃውም መጫሚያችሁም የተለየ ይሁን። ለማርባት የተገዛች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ ስለዚህ ያቺን አንዲት የሀበሻ ዶሮ ከሌሎቹ ቀድማችሁ ግዙ። የሞተችውን አንድ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ቤቱን በበረኪና አጥባችሁ ቢያንስ አንድ ወር ባዶ ተዉት።

ሌላው የሚያጋጥማችሁ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የረጠበ ጉዝጓዝ ነው፤ ይህ በመድኃኒት ይድናልና ባለሙያ ጥሩ።

በሩ የሚከፈትበት ቀን

ሰላጣው ወይም ካሮቱ ተነቅሎ መደቡ ባዶ ሲሆን ያቺን ጠባብ በር ክፈቱ። የሌሎቹን መደቦች ዙሪያ በቀርከሃ መረብ ከልላችሁ ስድስቱን ለሦስት ቀን ባዶው ላይ ልቀቋቸው። ቆራጭ ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ የአረሙን ዘር አንድ በአንድ ይለቅሙታል። ዶሮ ስትጭር ሁለት ጊዜ በእግሯ ወደ ኋላ ትገፋለች፣ አንድ እርምጃ ትመለሳለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታያለች። በእጄ ስቆፍር ያላየሁትን ትል ታወጣለች። ከሦስት ቀን በላይ ከቆዩ ግን አፈሩን ከመደቡ ወደ መተላለፊያው ያወርዱታል። ኩስ ያረፈበት መደብ ላይ ወዲያው ሰላጣ አትትከሉ፤ ፎሶሊያ ወይም ቲማቲም ይቅደም፤ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ቢያንስ አራት ወር ይጠብቅ።

ጉዝጓዙና ክምሩ

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ እርጥብ ኩስ ትጥላለች፤ የስድስቱ በዓመት ከ200 ኪሎ ይበልጣል። ትኩሱ ያቃጥላል። በሁለተኛው ዓመቴ «ፍግ እስከሆነ ድረስ» ብዬ የጎመን ችግኝ ሥር አንድ አንድ እፍኝ አደረግሁ፤ በአራተኛው ቀን የቅጠሉ ዳር እንደ ተጠበሰ ወረቀት ተኮማትሮ ነበር።

ግንቦት ላይ የዶሮ ቤቱን ጉዝጓዝ ሙሉ በሙሉ አውጡ። ከግቢው ጥግ፣ ከጉድጓድ ውኃ ርቆ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ከልሉ። ከታች ደረቅ ጭራሮ፣ በላዩ ከኩስ ጋር የተቀላቀለው ጉዝጓዝ አንድ ስንዝር፣ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ገለባ ሁለት ስንዝር፣ ከዚያ የወጥ ቤት የአትክልት ትራፊ፣ እንዲህ እየተደረበ እስከ ወገብ ይድረስ። እፍኝ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ውኃ ሳይንጠባጠብ እጃችሁ ከረጠበ እርጥበቱ ልክ ነው። ክረምቱ እንዳያጥበው በላስቲክ ሸፍኑት። ዘንግ መሐሉ ላይ ሰክታችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስታወጡት ትኩስ መሆን አለበት። ሙቀቱ በወረደ ቁጥር ገልብጡት፤ ዳር ያለው ወደ መሐል ይግባ። መስከረም ሲብት ክፈቱት። ጭዱ ከኩሱ የማይለይ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ጥቁር ነገር ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ሆኖ ወደ መደቡ ይሄዳል፤ አሁንም የዶሮ ቤት ከሸተተ ላስቲኩን መልሱበትና እስከ ጥቅምት ይቆይ።